የእንግዳ ማዕድና ንጽሕናው

በአገራችን እንግዳን ተቀብሎ ማብላትና ማጠጣት ከጥንት ጀምሮ እንደ ትልቅ ክብር የሚቈጠር ልማድ መሆኑ የታወቀ ነው። ባለቤቱ ቤት ያፈራውን ያቀርባል፤ «በሞቴ ብሉልኝ» እያለም ይለምናል። እንግዳውም የቀረበለትን ሳይመረምር ይበላል። ሳይመረምር የሚበላውም ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ወዳጁን ስለሚያምን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቢጠራጠር እንኳ መጠየቅ ነውር ስለሚሆንበት ነው። «ውሃው ፈልቷል ወይ? ሰላጣው በምን ታጠበ?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ በየትኛው ቤት ይገኛል? እንግዲህ እንግዳው ሊጠይቀው የማይችለውን ጥያቄ ባለቤቱ አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ገበያ ከሚገኘው ሁሉ ጣፋጭና ጤና የማይነሣ የእንግዳ ማዕድ እንዴት እንደሚዘጋጅ እንገልጻለን።

ለእንግዳ የሚበስል ምግብ ስለምን ይበልጥ ያሰጋል

ብዙ ሰው ለእንግዳ የተሠራ ምግብ ከዕለት ምግብ የተሻለ ስለሆነ የማያሰጋ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። የዕለት ምግብ በጥቂቱ ተሠርቶ እንደ ወጣ ይበላል። የእንግዳ ምግብ ግን በብዛት ይሠራል፤ ከጧት ጀምሮ ይዘጋጃል፤ ጎረቤትና ዘመድ ስለሚያግዝም ብዙ እጅ ይነካዋል፤ እንግዶቹ እስኪሰበሰቡ ድረስም ለረጅም ሰዓት ይቀመጣል። በዚህ ላይ የቈላው ሙቀት ሲጨመርበት ለረቂቃን ተሕዋስያን መራቢያ የሚሆን ምቹ ጊዜ ያገኛሉ።

እነዚህ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ፈጥነው ይራባሉ። ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ሳይቀዘቅዝ ወይም ሳይሞቅ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቈይ ይመክራል። የክፍሉ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ ባይቈይ ይሻላል። በበጋ ከሰዓት በኋላ በአዳማ፣ በወለንጪቲ ወይም በመተሐራ ቤት ለሚኖር ሰው ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። አንዳንዶቹ ተሕዋስያን ደግሞ በምግቡ ውስጥ መርዝ ትተው ስለሚሄዱ፣ ወጡ እንደገና ቢሞቅም ተሕዋስያኑ ይሞታሉ እንጂ መርዙ አይጠፋም። «ደግሜ አሞቀዋለሁ» የሚለው መተማመኛ ሁልጊዜ የማይሠራውም ስለዚህ ነው።

ስለ ሥጋ

ብርንዶና ክትፎ በግብዣ ላይ የሚወደዱ ምግቦች መሆናቸውን ጸሐፊው አይስተውም። ይሁን እንጂ የኮሶ ትል ወደ ሰው የሚገባው በደንብ ባልበሰለ የከብት ሥጋ አማካይነት ነው። የትሉ አኗኗር እንደሚከተለው ነው። ኮሶ ያለበት ሰው በሜዳ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል በሣሩ ላይ ይበተናል። ከብቱ ሣሩን ሲግጥ እንቁላሉ ወደ ሰውነቱ ገብቶ በሥጋው መካከል እንደ ጥራጥሬ ያለ ከረጢት ይሠራል። ያን ሥጋ በጥሬው የበላ ሰው አንጀት ውስጥ ትሉ አድጎ ብዙ ሜትር ይረዝማል። አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ያህል የኮሶ አበባ እየጠጡ ሲያወርዱት ኖረዋል፤ ነገር ግን ራሱ ካልወጣ ትሉ እንደገና ያድጋል። ዛሬ እንደ ፕራዚኳንቴል ያለ መድኃኒት በጤና ጣቢያ ይሰጣል።

በቄራ የታረደና የተመረመረ ሥጋ መግዛት ትልቅ ጥቅም አለው። ሆኖም ጥቂት ከረጢት ብቻ ያለበት ሥጋ ከመርማሪው ዓይን ሊያመልጥ ይችላል። ለብለብ የተደረገ ክትፎም ውስጡ ስለማይበስል መተማመኛ አይሆንም። የተፈጨ ወይም የተከተፈ ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ ድረስ መሞቅ አለበት፤ መለኪያ በሌለበት ቤትም ቀይነቱ ፈጽሞ እስኪጠፋ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ለእንግዳ ጥብስ፣ ቅቅል ወይም በደንብ የበሰለ ክትፎ ቢቀርብ የባለቤቱ ክብር አይጎድልም። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያና ቢላዋም በሳሙናና በፈላ ውሃ ሳይታጠብ ለሰላጣ ወይም ለፍራፍሬ መዋል የለበትም።

ስለ ዓሣ

ከባቱ ከተማ አጠገብ ያለው የዝዋይ ሐይቅ ለአካባቢው ከተሞች ዓሣ ሲያቀርብ የኖረ ነው። ከዓሣዎቹም ቆሮሶና አምባዛ በሰፊው የታወቁ ናቸው። ዓሣ ለግብዣ የሚሆንበት አንድ ልዩ ምክንያት አለ። አዳማ ከባቡር ሐዲዱ ጋር ያደገችና የልዩ ልዩ ብሔረሰብና ሃይማኖት ሰዎች የሚኖሩባት ከተማ ናት። በአንድ ቤት ክርስቲያንና ሙስሊም ወዳጆች ሲጋበዙ የሥጋው ነገር ሁለት ማዕድ ያስፈልገዋል፤ ዓሣ ግን በአራጁ ስለማይለይ ሁሉም በአንድ መሶብ ዙሪያ ይቀመጣሉ። በጾም ወቅት ዓሣ የማይበሉ ምእመናን ስላሉ ግን ለእነርሱ ሽሮ፣ ጎመን ወይም አዚፋ አብሮ ማዘጋጀት ይገባል።

ዓሣ ሲገዛ ዓይኑ የጠራ፣ ከጆሮው ሥር ያለው መተንፈሻው ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ መሆኑን ማየት ነው። ከሐይቁ እስከ ቤት ድረስ በበረዶ ይዞ መሄድ፣ በዚያው ዕለትም ማብሰል ያስፈልጋል። በአንዳንድ ሐይቅ ዳር ዓሣን በጥሬው የመብላት ልማድ አለ፤ ይህ ግን ለእንግዳ የሚቀርብ አይደለም።

ለ8 ሰው የሚበቃ የዓሣ ጉላሽ እንዲህ ይሠራል። አጥንቱ የወጣለት 1 ኪሎ ተኩል ዓሣ፣ 4 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ 6 ቲማቲም፣ 1 ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ ብርጭቆ ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ጥቂት እርድና ጨው ይዘጋጃል። ሽንኩርቱ በዘይት እስኪለሰልስ ይቁላላ፤ በርበሬውና ነጭ ሽንኩርቱ ይጨመር፤ ቀጥሎም ቲማቲሙ ገብቶ እስኪሟሟ ይብሰል። ዓሣው የሚገባው በመጨረሻ ነው። 10 ወይም 12 ደቂቃ ያህል በስሎ ሥጋው ሲነጣና በማንኪያ ሲነኩት ሲፈረፈር ይወርዳል። ሎሚ የሚጨመቅበት ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። ጉላሹ እንግዶች ከመጡ በኋላ ሊበስል ስለሚችል ትኩሱን ለማቅረብ ያመቻል።

ስለ ጭኮ

ዘመናዊ ትምህርት ያልቀደመው የጤና ጥበብ በአገራችን እንዳለ ጭኮ ይመሰክራል። ጭኮ በአርሲ ኦሮሞዎች ዘንድ ለክቡር እንግዳና ለመንገደኛ የሚዘጋጅ፣ ከተቈላ የገብስ ዱቄትና ከተነጠረ ቅቤ የሚለወስ ምግብ ነው። ገብሱ በእሳት ይቈላል፤ ቅቤው ይነጠራል፤ ውሃም አይገባበትም። ተሕዋስያን ለመራባት ውሃ ስለሚያስፈልጋቸው እንዲህ ያለ ደረቅ ምግብ ለብዙ ቀን ሳይበላሽ ይቈያል። ስለዚህ ማለዳ ብዙ ሥራ ያለባት የቤት እመቤት ከግብዣው ሁለትና ሦስት ቀን አስቀድማ ጭኮ አዘጋጅታ በንጹሕና በሚከደን ዕቃ ብታስቀምጥ ሥራዋ ይቀላል። ሲለወስ እጅ በሳሙና የታጠበና ፈጽሞ የደረቀ ይሁን፤ ሲቀርብም በየሰው ሳሕን ተከፋፍሎ ከነማንኪያው ቢሆን መልካም ነው።

ስለ ሰላጣና ስለ አትክልት

የመቂና የባቱ አካባቢ በመስኖ የሚለማ ቲማቲምና ሽንኩርት በብዛት ያወጣል። ይህ ሀብት የሚያኮራ ነው። ይሁን እንጂ አትክልት በወንዝ ወይም በሐይቅ ውሃ ሲጠጣ፣ በጆንያና በመኪና ሲጓዝ፣ በገበያ መሬት ላይ ሲዘረጋ የሰው ዓይነ ምድር ያረፈበት አፈር ሊነካው ይችላል። አሜባ፣ ወስፋት፣ ታይፎይድና ኮሌራ በዚህ መንገድ ይተላለፋሉ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን የተነሣው የኮሌራ ወረርሽኝ ወደ ሌሎች ዞኖችና ክልሎች እንደ ተዛመተ እናስታውሳለን።

ስለዚህ የሰላጣ ቅጠል አንድ በአንድ ተለያይቶ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ እየታሸ ይታጠባል። ቀጥሎም በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው የውሃ ማከሚያ ክሎሪን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠንና ሰዓት መሠረት በተጨመረበት ውሃ ይነከርና በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ሎሚና ኮምጣጤ ሰላጣን ያጣፍጣሉ፤ ብቻቸውን ግን ከበሽታ አያድኑም። የወስፋት እንቁላልና የአሜባ ከረጢት ክሎሪንንም ስለሚቋቋሙ ማሸትና ማጠቡ ከሁሉ ይበልጣል። በወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ ጥሬ ቅጠል ትቶ የበሰለ ጎመን፣ ድንችና ካሮት፣ ወይም ተልጦ የሚበላ ነገር ማቅረብ ብልኅነት ነው።

ስለ ፍራፍሬ

ከምግብ በኋላ ፍራፍሬ ማቅረብ በከተሞቻችን እየተለመደ መጥቷል። በአዳማ ገበያ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ብርቱካንና ሐብሐብ እንደ ወቅታቸው ይገኛሉ። ፓፓያና ማንጎ ሰውነታችን ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር አላቸው፤ ቪታሚን ኤ ያነሰው ሕፃን በዳፍንት ይያዛል። ዘይቱን፣ ወይም ጋቫ የሚባለው ፍሬ ደግሞ በቪታሚን ሲ ከብርቱካን አራት እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ ዋጋው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ነው።

ጸሐፊው በሕንድ አገር ትምህርቱን ሲከታተል፣ የዚያ አገር ሰዎች ዘይቱንን ቆርጠው ጨውና በርበሬ ነስንሰው ሲያቀርቡ ተመልክቷል። እኛም ሚጥሚጣ በጣት ጫፍ ነስንሰን ብንሞክረው ከአፋችን ጋር የሚስማማ ነው። በዚያው ትምህርት ቤት መምህራችን ገና ከገበያ የመጣ የፓፓያ ልጣጭና የታጠበ ልጣጭ በሁለት የተለያየ ማራቢያ ላይ አስነክተው በማግሥቱ አሳዩን፤ ያልታጠበው የነካው ሁሉ በተሕዋስያን መንጋ ተሸፍኖ ነበር። ቢላዋ ያልታጠበ ልጣጭ ሲቈርጥ ያንን መንጋ ይዞ ወደ ፍሬው ሥጋ ይገባል። ስለዚህ ልጣጩ የሚጣል ፍሬ ቢሆንም ከመቈረጡ በፊት መታጠብ አለበት። ይህ ለፓፓያ፣ ለማንጎ፣ ለሐብሐብ፣ ለብርቱካንም ይሠራል። በመንገድ ላይ ተቈርጦ የተቀመጠ ሐብሐብና ተልጦ የሚሸጥ ሸንኮራ ለእንግዳ ባይገዛ ይመረጣል።

ሦስት ዓይነት የፍራፍሬ አሠራር እነሆ፤ ሁሉም ለ8 ሰው ናቸው።

1ኛ. የፍራፍሬ ሰላጣ። 1 መካከለኛ ፓፓያ፣ 3 ማንጎና 4 ሙዝ ታጥቦና ተልጦ በልኩ ይቈረጣል። የ4 ብርቱካንና የ2 ሎሚ ጭማቂ ይፈስበታል። ሎሚው ፍሬው እንዳይጠቁር ይከላከላል። ሙዙ በመጨረሻ ይግባ። ስኳር አያስፈልገውም። ተከድኖ በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥ፤ ማቀዝቀዣ ከሌለ እንግዶቹ ምግብ በሚበሉበት ሰዓት ይቈረጥ።

2ኛ. ስፕሪስ። በየጭማቂ ቤቱ የምናውቀውን ስፕሪስ በቤት መሥራት ቀላል ነው። 4 አቮካዶ፣ 4 ማንጎና 1 ፓፓያ እያንዳንዱ ለብቻው ይፈጫል፤ መፍጫ ከሌለ በንጹሕ ወንፊት ይታሻል። ማቅጠን ቢያስፈልግ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ብቻ ይጨመር። ወፈር ያለው አቮካዶ ከሥር፣ ሌሎቹ በማንኪያ ቀስ ተብሎ ከላይ ይፈስሳሉ፤ ሎሚ ይጨመቅበታል። ይህ አቀራረብ ለዓይን ከማማሩ በላይ ጥቅም አለው፤ በአቮካዶ ውስጥ ያለው ስብ የማንጎውንና የፓፓያውን የቪታሚን ኤ ምንጭ ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል።

3ኛ. የበሰለ ዘይቱን። 1 ኪሎ የበሰለ ዘይቱን ታጥቦ ለሁለት ይከፈላል። በግማሽ ሊትር ውሃ፣ በ4 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ በአንድ ስንጥር ቀረፋና በ3 ቅርንፉድ 15 ደቂቃ ያህል ይንተከተካል። በፈላ ውሃ በተለቀለቀ ዕቃ ተከድኖ ቀዝቅዞ ይቀርባል። እሳት ከቪታሚን ሲው ጥቂቱን ቢቀንስም፣ ስለ ውሃውና ስለ ልጣጩ ለሚጠራጠር ቤት ከሁሉ ይልቅ የሚታመነው ይህ ነው።

ስለ ውሃና ስለ በረዶ

ውሃ ተንተክትኮ 1 ደቂቃ ከፈላ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይሞታሉ። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው አገር 3 ደቂቃ ያስፈልጋል፤ አዳማ ግን ከዚህ ከፍታ በታች ናት። የፈላ ውሃ በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፤ ኩባያ አይጠለቅበት፤ እየተዘቀዘቀ ይቀዳ። በረዶም ውሃ መሆኑ አይዘንጋ፤ ቅዝቃዜ ተሕዋስያንን ያደነዝዛል እንጂ ሁሉንም አይገድልም።

በስምጥ ሸለቆ ደግሞ መፍላት የማይፈታው ሌላ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ፍሎራይድ ነው። ይህ ማዕድን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወደ ጥልቅ የጉድጓድ ውሃ ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅት በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ግን ከዚህ ያልፋሉ። የልጆች ጥርስ እየበለዘ መውጣቱ የዚህ ምልክት ነው። በወንጂ የስኳር እርሻም የጉድጓድ ውሃ ለብዙ ዓመት ሲጠጡ ከኖሩ ሠራተኞች መካከል አከርካሪያቸውና መገጣጠሚያቸው የደረቀባቸው እንደ ነበሩ በሕክምና ጥናት ተመዝግቧል። ውሃ ሲፈላ እየተነነ ስለሚያንስ ፍሎራይዱ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ለአንድ ቀን የመጣ እንግዳ በዚህ አይጎዳም፤ በየቀኑ የሚጠጣው የቤቱ ልጅ ግን ይጎዳል። ስለዚህ በጉድጓድ ውሃ የሚኖር ቤተ ሰብ የውሃውን ምርመራ ውጤት ከውሃ አገልግሎት ጠይቆ ይረዳ፤ ለመጠጥና ለወጥም በተቻለ መጠን ከወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ የቧንቧ ውሃ ወይም የዝናብ ውሃ ይጠቀም። የዝናቡም ውሃ ከመጠጣቱ በፊት ይፈላ።

ስለ ስኳር

በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ስኳር ለአካባቢው ሕዝብ ቅርብ ሆነ። ዛሬ ደግሞ ለእንግዳ ለስላሳ መጠጥ መክፈት የአክባሪነት ምልክት ሆኗል። በአንድ 300 ሚሊሊትር ጠርሙስ ውስጥ ግን 30 ግራም ያህል ስኳር አለ። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ በቀን ከ50 ግራም ያህል እንዳይበልጥ ይመክራል። ሁለት ጠርሙስ የጠጣ እንግዳ እንግዲህ የቀኑን ልክ አልፏል፤ የስኳር በሽታ ያለበት እንግዳ ደግሞ እምቢ ማለት አፍሮ ሊጎዳ ይችላል። የፈላ ቀዝቃዛ ውሃ በሎሚ አብሮ ቢቀርብ እንግዳው ሳያፍር የሚስማማውን ይመርጣል።

የግብዣው ቀን ሥርዓት

ባለቤቱና እመቤቲቱ የሚከተለውን ቢጠብቁ ከላይ የተባለው ሁሉ ይጠናቀቃል።

1ኛ. ተቅማጥ ወይም ትውከት ያለበት፣ እጁም የቈሰለ ሰው በዚያ ቀን ምግብ አይንካ።

2ኛ. ወጥ የሚሠሩ ሁሉ ከሽንት ቤት ሲመለሱ፣ ጥሬ ሥጋ ወይም ዓሣ ከነኩ በኋላ፣ ሕፃን ካጸዱ በኋላ እጃቸውን በሳሙና 20 ሰከንድ ያህል ይታጠቡ።

3ኛ. የሚቈይ ምግብ አስቀድሞ፣ የማይቈይ ምግብ በመጨረሻ ይሠራ፤ ጭኮው በዋዜማው፣ ዓሣው እንግዶች ሲቀመጡ፣ ፍራፍሬው ከዚያ በኋላ ይሁን።

4ኛ. ለእንግዳ እጅ የሚያስታጥብ ሰው ከማንቆርቆሪያው ጋር ሳሙናና ንጹሕ ፎጣ ይያዝ። ጉርሻ ከእጅ ወደ አፍ የሚሄድ ፍቅር ነውና እጁ ንጹሕ ሊሆን ይገባል።

5ኛ. ከመሶብ የተረፈ ወጥ ወደ ድስቱ አይመለስ። በድስት የቀረው በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ፤ ማቀዝቀዣ ከሌለ በዚያው ምሽት ትኩሱን ለቤተ ሰብና ለጎረቤት ይታደል።

ለመምህራን የቀረበ ማሳሰቢያ

ተማሪ በቤቱ ግብዣ ላይ ውሃ የሚቀዳ፣ እጅ የሚያስታጥብ፣ ገበያ የሚላክ ነው። ስለዚህ በክፍል የተማረው በቶሎ ወደ ማዕድ ይደርሳል። መምህራን በአንድ የጤና ትምህርት ሰዓት የኮሶን ትል ጉዞ ከሰው ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ ከብት፣ ከከብት ወደ ሰው በሰሌዳ ላይ ቢስሉላቸው፣ ልጆቹ ሽንት ቤትና ምጣድ የአንድ ነገር ሁለት ጫፍ መሆናቸውን ራሳቸው ይደርሱበታል። በሌላ ሰዓት ደግሞ አንድ ፓፓያ አምጥቶ ከመቈረጡ በፊት ማጠብን በተግባር ማሳየት ይቻላል፤ ፍሬውን ተማሪዎቹ ተካፍለው ይብሉት።

ውድ አንባቢያን፣ እንግዳ ከቤታችን ሲወጣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይመርቀናል። በማግሥቱ ታምሞ ቢውል እንኳ ወዳጁን ላለማስቀየም የበላውን ምግብ ስም አይጠራም። የእርሱ ዝምታ የእኛን ጥንቃቄ እንዳያዘናጋው በሚቀጥለው ግብዣ ቢላዋው ከፓፓያው በፊት፣ እጃችንም ከቢላዋው በፊት ይታጠብ። ጤና ይስጥልን።